የሁለተኛዋ እናት ብድር

እናት አንዲት ናት ይባላል። እውነት ነው፤ ዘጠኝ ወር ተሸክማ አምጣ የምትወልድ አንዲት ብቻ ናት። ነገር ግን ከአንባብያን መካከል ብዙዎቹ ወደ ኋላ ዞር ብለው የመጡበትን መንገድ ቢመረምሩ፣ ከወለደቻቸው እናት ሌላ፣ የሥጋ ዝምድና ሳያስገድዳት እንደ እናት ሆና ያቆመቻቸው አንዲት ሴት ሳያገኙ አይቀሩም። ለአንዱ አክስት፣ ለአንዱ አስተማሪ፣ ለአንዱም አጥር የምትጋራ ጎረቤት ናት። የወለደችን እናት የምትወደን ተፈጥሮ አስገድዷት ነው ቢባል፣ ሁለተኛዪቱ የምትወደን ግን ፈቅዳ ነው። ዛሬ በዚህ ዓምድ ልናነሣ ያሰብነው ስለዚህች ሁለተኛ እናት ውለታና ስለ ብድሩም አመላለስ ነው። ነገሩን ለማንሣት የተገደድነው ከመጽሐፍ አንብበን ሳይሆን፣ እኛው ራሳችን ባለዕዳ ሆነን ስለ ተገኘን ነው።

ያደግነው አስኮ ነው። ከጳውሎስ ሆስፒታል ተነሥቶ በዊንጌት በኩል ወደ ቡራዩ የሚወስደውን መንገድ ያየ ሰው ሰፈሩን ያውቀዋል። ጠዋት ጠዋት የታክሲ ረዳቶች «ብርጭቆ ፋብሪካ!»፣ «ሳንሱሲ!» እያሉ የሚጣሩበት፣ የፋብሪካ ሠራተኛው፣ ነጋዴውና ተማሪው እየተጋፋ ወደ ከተማው መካከል የሚጓዝበት፣ ክረምት ሲገባም ጭቃው ጫማ የሚያስወልቅበት የሠርቶ አዳሪ ሰፈር ነው።

ወላጅ እናታችን፣ እኛ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሳለን፣ ለሥራ ወደ ቤይሩት ሄደች። በየጊዜው ገንዘብ ትልካለች፤ ድምፅዋንም በስልክ እንሰማለን። አባታችን የሌሊት ጥበቃ ሠራተኛ በመሆኑ እኛ ከትምህርት ቤት ስንመለስ እርሱ ወደ ሥራው ሊወጣ ካፖርቱን ይደርባል። እንዲህ ሆኖ የትምህርት ቤቱ ክፍያ በእናታችን ላብ፣ እራታችን በአባታችን ድካም ተሟላ። ነገር ግን ገንዘብ ደብተር አይመረምርም፤ ገንዘብ «ዛሬ ምን ተማርህ?» ብሎ አይጠይቅም። ይህን የጠየቁን አንዲት ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው።

ስማቸውን ከዚህ ላይ አንጽፍም። በሕይወት ሳሉ ስማቸው በሰው ፊት ሲጠራ የሚያፍሩ ሰው ስለ ነበሩ፣ ከሞቱ በኋላም ልናሳፍራቸው አንፈልግም። እኛ የሰፈሩ ልጆች «እትዬ» እንላቸው ነበር። ሠላሳ ዓመት ያህል የሰው ልጅ ፊደል ሲያስቆጥሩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ባለቤታቸው የሞቱባቸው፣ ልጅ ያልወለዱ ሴት ነበሩ። ቤታቸውን ከቤታችን የሚለየው አንድ የቆርቆሮ አጥር ነው። በግቢያቸው ውስጥ አንድ አግዳሚ ወንበርና ከአሮጌ በር የተሠራ ጠረጴዛ ነበረ፤ ከሰዓት በኋላ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ደብተሩን ይዞ እዚያ ይሰበሰባል። ደንባቸው ጥቂት ነው፤ ግን አይታጠፍም። እጅ ሳይታጠቡ ደብተር መግለጥ የለም። የቤት ሥራ ሳያልቅ ኳስ የለም። የገባው ልጅ ላልገባው ሳያስረዳ ከአግዳሚው አይነሣም። ይህን ሁሉ የፈጸመ ልጅ በመጨረሻ አንድ እፍኝ ቆሎ ተቀብሎ ይሄዳል።

እሑድ እሑድ ደግሞ ጋዜጣ ይገዙ ነበር። ዓይናቸው እየደከመ በመሄዱ የምናነብላቸው እኛ ነን። እኛ እርሳቸውን የምንረዳ መስሎን ነበር፤ ለካስ እየተማርን ኖሯል። በአማርኛ ጽሕፈት የሚጠብቀውና የሚላላው ድምፅ በፊደል ስለማይለይ፣ «አለ» የሚለው ቃል ሲላላ «ተናገረ»፣ ሲጠብቅ «ይገኛል» ማለት ይሆናል። እኛ በችኮላ ስንስት፣ እትዬ ዓይናቸውን እንደ ጨፈኑ «ምን አለ? ወይስ የት አለ?» ይሉናል። ወደ ኋላ ተመልሰን ዓረፍተ ነገሩን ገብቶን ካላነበብነው አያሳልፉንም። ዛሬ እንጀራ የምንበላው በቃላት ነው። የዚህን ሥራ የመጀመሪያ ትምህርት ያገኘነው ከዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ ነው ስንል ዩኒቨርሲቲውን ማሳነሳችን አይደለም፤ የመሠረቱን ድንጋይ ማን እንዳስቀመጠው መናገራችን ነው።

የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በቀረበበት ወራት መብራት በጠፋ ቁጥር እትዬ ሻማ ይዘው በአጥሩ ቀዳዳ ይጣሩ ነበር። ወደ ዩኒቨርሲቲ በምንሄድበትም ዕለት ከአልጋቸው ላይ አንዱን ብርድ ልብስ አንሥተው ሰጡን። «እርስዎስ በምን ይተኛሉ?» ብንላቸው፣ «እኔ የአስኮን ብርድ ለምጄዋለሁ፤ አንተ የምትሄድበትን አታውቀውም» አሉን። ብርድ ልብሱ እስከ ዛሬ ከእኛ ጋር ነው።

ተመርቀን ሥራ ያዝን። የመጀመሪያው ደመወዝ በእጃችን እንደ ገባ ጥቂቱን በፖስታ አድርገን ወደ እትዬ ሄድን። ኩራት ተሰምቶን እንደ ነበረ አንደብቅም። እትዬ ፖስታውን አዩት እንጂ አልነኩትም።

«ይህን ለእኔ አታምጣብኝ፣ ልጄ» አሉ። «እኔ ለአንተ የሰጠሁህን እኔም ከሌላ የተቀበልሁት ነው። ወንዝ ሽቅብ አይፈስም። ብድርህን ከአንተ በታች ላለው መልስ። ከወዲያ ማዶ ያለው ልጅ ክፍልፋይ አልገባው ብሎ ሲያለቅስ እሰማለሁ። የኔ ዓይን ከእንግዲህ ቁጥር አይለይም። ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣህ አስጠናው፤ ያን ጊዜ ተከፈለኝ እላለሁ።»

እንመጣለን አልናቸው። የመጀመሪያው ቅዳሜ በመሥሪያ ቤታችን ስብሰባ ሆነ። ሁለተኛው የጓደኛችን ሠርግ ነበረ። ሦስተኛው ዝናብ ነው ተብሎ ቀረ። ከዚያ በኋላ ምክንያት መፈለጉንም ተውነው፤ ለምደነው ነበርና። በስልክ በደወልን ጊዜ እትዬ አንድም ቀን አልወቀሱንም። «ሥራ ነው፤ ሥራ ይብዛልህ» ብቻ ይሉ ነበር። አንባቢ ሆይ፣ ከወቀሳ ሁሉ የሚከብደው እንዲህ ያለው ምርቃት መሆኑን ያወቅነው ዘግይተን ነው።

መርዶው የደረሰን ባለፈው ዓመት በሐምሌ መጨረሻ፣ ዝናብ ሲዘንብ ባደረበት ጠዋት ነው። አስኮ ስንደርስ የዕድሩ ድንኳን በእትዬ ደጃፍ ተተክሏል። አግዳሚው ወንበር ከድንኳኑ ውስጥ ገብቶ ለቀስተኛ ተቀምጦበታል። ከጫፉ ላይ አንድ ልጅ ጉልበቱን አቅፎ ይገኛል፤ ክፍልፋይ ያልገባው ያ ልጅ ነው። ባየን ጊዜ አላለቀሰም። «እትዬ ‹ቅዳሜ ይመጣል› ይሉኝ ነበር» አለን። ከዚህ በላይ የተናገረው የለም፤ የሚያስፈልግም አልነበረም።

ማታውን እናታችን ከቤይሩት ደወለች። «ልጄን ያሳደጉልኝን ሴት አፈር ሳላለብስ ቀረሁ» እያለች አለቀሰች። እርሷ በባዕድ አገር ሆና መምጣት አልቻለችም። እኛ ግን በአንድ ታክሲ የምንደርስበት ቦታ ላይ ሆነን አልመጣንም። ለማጽናናት ቃል አጣን።

ሥርዓተ ቀብሩ በአስኮ ቅዱስ ገብርኤል ከተፈጸመ በኋላ በታክሲ ወደ ከተማ ስንመለስ በጳውሎስ ሆስፒታል በር አለፍን። ያን ጊዜ የሌላዋ እናት ነገር ትዝ አለን። አገር ያወቃቸው፣ ልጆቻቸው «እዳዬ» እያሉ የሚጠሯቸው ወይዘሮ አበበች ጎበና በዚያ ሆስፒታል በኮሮና በሽታ ሲታከሙ ቆይተው ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. በ85 ዓመታቸው አርፈዋል። «እዳዬ» የሚለው ስም ወደ ጆሮ ሲገባ «ዕዳ» የሚለውን ቃል ይዞ ይገባል። ያን ዕለት እንዲህ ሆኖ ስለ ተሰማን፣ የእኒህን ሴት ታሪክ እንደ ገና ልንመረምረው ተነሣን። የእትዬ ንግግር ትርጉም ይበልጥ የተገለጠልንም በዚህ ምርመራ ነው።

ወይዘሮ አበበች የተወለዱት በጥቅምት 1928 ዓ.ም. በሸዋ፣ ሸበል አቦ በምትባል የገጠር ቀበሌ ነው። ወራቱ የኢጣልያ ጦር አገራችንን የወረረበት ነበርና አባታቸው በዚያው ጦርነት ሞቱ። ሕፃኗ በአያቶቿ እጅ አደገች። ዐሥር ዓመት ሲሆናት ሳትጠየቅ ተዳረች፤ ከባሏ ቤት ጠፍታ አዲስ አበባ ገባች። በከተማው የተቀበላት ቤተ ሰብ አስጠግቶ ወደ ትምህርት ቤት ላካት። ይህን ነጥብ አንባቢ ልብ እንዲልልን እንፈልጋለን፤ የብዙ ሺህ ልጆች ሁለተኛ እናት የሆኑት ሴት እርሳቸው ራሳቸው በሰው ቤት፣ በሰው ደግነት የቆሙ ልጅ ነበሩ። ትምህርታቸው መሠረታዊ ቢሆንም ከጊዜ በኋላ በአንድ የቡናና የእህል ድርጅት የጥራት ተቆጣጣሪ ሆነው ሠሩ፤ ባለትዳርና ባለቤት ንብረትም ሆኑ።

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1980 ግሸን ማርያምን ለመሳለም ወደ ወሎ ተጓዙ። አገሩ በድርቅና በረኀብ ተጎድቶ ነበር። በመንገድ ዳር የወደቀው ሰው ብዙ ነው። ከወደቁት መካከል አንዲት ሕፃን ከሞተች እናቷ አጠገብ ሆና አዩ። ወይዘሮ አበበች የያዙት ጥቂት ዳቦና ጸበል ብቻ ነበር፤ ያንኑ አከፋፈሉ። ነገር ግን ዳቦው ሲያልቅ ሥራቸው አላለቀም። ሕፃኗንና ሌላ አንድ ልጅ ይዘው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። ዓመት ሳይሞላ በቤታቸው ያሉት ልጆች ቁጥር 21 ደረሰ።

ከዚህ በኋላ የመጣው ፈተና ከረኀቡ የማያንስ ነበር። ባለቤታቸው፣ ወይ እኔን ወይ ልጆቹን ምረጪ ወደሚል ውሳኔ ደረሱ። ወይዘሮ አበበች ልጆቹን መረጡ። ከሞላ ቤታቸው ወጥተው ከከተማ ዳር ወዳለ ጎጆ ገቡ፤ ጌጣቸውን ሸጡ፤ እንጀራ እየጋገሩ በመሸጥ ልጆቹን መገቡ። ለትምህርት ቤት የሚከፈል ሲታጣ አስተማሪ ወደ ጎጆው እየመጣ እንዲያስተምር አደረጉ። እንግዲህ እንጀራው ብቻ እናትነት መስሎ አልታያቸውም ማለት ነው፤ ፊደሉንም ከእንጀራው እኩል ቆጥረውታል። በስማቸው የሚጠራው የሕፃናት እንክብካቤና የልማት ድርጅት በሕግ ታውቆ የተቋቋመው በ1986፣ የመጀመሪያዎቹን ልጆች ካመጡ ከስድስት ዓመት ያህል በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ድርጅቱ ከወላጅ አልባ ሕፃናት አልፎ ለሴቶችና ለችግረኛ ቤተ ሰቦች በሙያ ትምህርት፣ በጤናና በንጹሕ ውኃ አገልግሎት የሚሠራ ሆነ። የውጭ አገር ሰዎች «የአፍሪካዋ ማዘር ቴሬዛ» ብለው ጠርተዋቸዋል። ስሙ ለአስኮ ልጅ እንግዳ አይደለም፤ የማዘር ቴሬዛ ደናግል ወላጆቻቸውን በኤድስ ያጡ ሕፃናትን ያሳደጉበት ቤት በሰፈራችን ይገኛልና። እኛ ግን «እዳዬ» የሚለውን ስም እንመርጣለን።

የምንመርጥበትም ምክንያት ይህ ነው። ወይዘሮ አበበች ከማሕፀናቸው የወጣ ልጅ አልነበራቸውም። አስጠግቶ ወደ ትምህርት ቤት ለላካቸው ለዚያ ቤተ ሰብ ውለታውን በምን ሊከፍሉ ይችሉ ነበር? በገንዘብ ቢከፍሉ ሒሳቡ እዚያው ይዘጋ ነበር። እርሳቸው ግን ባያስቡትም እንኳ ከግሸን መንገድ ላይ ባነሧቸው ልጆች መለሱት። እትዬ «ወንዝ ሽቅብ አይፈስም» ያሉት ይህንኑ ነው። ብድር ወደ ላይ ሲመለስ አንድ ሰው ይደሰታል፤ ወደ ታች ሲመለስ ግን ሌላ ሰው ይቆማል።

ይህ የዕዳ አከፋፈል በምጽዋት ብቻ እንዳይመስል አንድ ሌላ ምሳሌ እንጨምር። ዶክተር ካትሪን ሐምሊን የተባሉት አውስትራሊያዊት ሐኪም ከባለቤታቸው ከዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊን ጋር በ1959 ወደ አዲስ አበባ መጥተው በልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል ሥራ ጀመሩ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1962፣ ማሚቱ ጋሼ የምትባል በዐሥራዎቹ አጋማሽ ላይ የምትገኝ የገጠር ወጣት በአስጨናቂ ምጥ ተጎድታ፣ ፊስቱላ ይዟት ወደ ሆስፒታሉ መጣች። ትምህርት ቤት ገብታ አታውቅም ነበር። ታከመች፤ ወደ አገሯ አልተመለሰችም። መጀመሪያ የበሽተኞችን አልጋ ማንጠፍ፣ ቀጥሎ በቀዶ ሕክምናው ክፍል ዕቃ ማቀበል ጀመረች። ሐኪሞቹ የእጇን ብልሃት ባዩ ጊዜ «አልተማረችም» ብለው አላባረሯትም፤ ደረጃ በደረጃ ቀዶ ሕክምናውን አስተማሯት። በ1989 በለንደን የእንግሊዝ የቀዶ ሐኪሞች ንጉሣዊ ኮሌጅ ለሁለቱ ሐኪሞችና ለማሚቱ በአንድነት የወርቅ ሜዳይ ሰጠ። ዶክተር ካትሪን መጋቢት 9 ቀን 2012 ዓ.ም. በ96 ዓመታቸው እዚሁ አዲስ አበባ አረፉ፤ ያስተማሩት እጅ ግን ከእርሳቸው ጋር አልተቀበረም።

እንግዲህ ከሁለቱ ታሪኮች የምንረዳው፣ እውነተኛዪቱ ሁለተኛ እናት ልጁን ከእጇ ጋር አስራ የምታኖር አለመሆኗን ነው። የእርሷ ደስታ ልጁ ያለ እርሷ የሚቆምበትንና ሌላውን የሚያቆምበትን ቀን ማየት ነው። ስለዚህ ለእርሷ ማልቀስ ብቻ ብድር መመለስ አይደለም። ስሟን እያነሡ ማመስገን መልካም ነው፤ መቃብሯን ማሳመርም መልካም ነው። ነገር ግን የምትሻው ይህን ቢሆን ኖሮ ፖስታችንን በተቀበለችን ነበር።

ይህን ጽሑፍ የምታነቡ ተማሪዎችና በየመሥሪያ ቤቱ ሥራ የጀመራችሁ ወጣቶች ሆይ፣ እኛም ከእናንተው አንዱ ነንና እንደ አስተማሪ ልንናገራችሁ አንደፍርም። ነገር ግን ከእኛ ስሕተት ጥቂት ብትማሩ አንጠላም። ሁለተኛ እናታችሁ በሕይወት ካለች፣ «ቅዳሜ እመጣለሁ» ያላችኋትን ቅዳሜ ዛሬውኑ ቁጠሩት። ባዶ እጃችሁን ብትሄዱ ቅር አይላትም፤ ባትሄዱ ግን ምንም ባትናገር በሩን ማየቷ አይቀርም።

ሁለተኛም፣ በጠረጴዛችሁ ፊት ማመልከቻ ይዛ የምትቆመውን ሴት ደኅና አድርጋችሁ ተመልከቷት። ምናልባት የያዘችው ጉዳይ የራሷ ሳይሆን ያልወለደችው ልጅ ጉዳይ ይሆናል። ወይዘሮ አበበችም ድርጅታቸው በሕግ እስኪታወቅ ድረስ በእንዲህ ያለ ጠረጴዛ ፊት ከመቆም አልዳኑም። «ነገ ይምጡ» የሚለው ቃል ከአፍ ለመውጣት ቀላል ነው፤ ለባለ 21 ልጅ እናት ግን የአንድ ቀን እንጀራ ነው። ወጣት ሹም ለሁለተኛ እናቱ ያለበትን ዕዳ በየዕለቱ ሊከፍል የሚችልበት ቦታ ከዚያ ጠረጴዛ የተሻለ የለም።

እኛም የዘገየውን ዕዳችንን መክፈል ጀምረናል። ከመስከረም ወዲህ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አስኮ ነን። የእትዬ ቤት ለሌላ ሰው ተከራይቷል፤ አግዳሚው ወንበር ግን ወደ እኛ ግቢ ተዛውሯል። ልጁ መጀመሪያ አላመነንም ነበር። ሦስት ቅዳሜ ያህል በደብተሩ ፈንታ በሩን ሲመለከት ዋለ፤ እንደማንመጣ ለምዶ ነበርና መሄዳችንን ይጠብቅ ነበር። በአራተኛው ቅዳሜ አንድ እንጀራ ለሦስት ሰው ሲካፈል ለእያንዳንዱ ስንት እንደሚደርሰው ነገረን፤ ከዚያም ክፍልፋዩ ተከተለ። ስለዚህ ሥራ ምስጋና አይገባንም። በቀጠሮው ሳንከፍል ቀርተን፣ ባለ ገንዘቡ ከሞተ በኋላ የምንከፍል ባለዕዳዎች ነን።

ባለፈው ሳምንት ሒሳቡን ሲጨርስ ጋዜጣ ሰጠነው። ጮኽ ብሎ ማንበብ ጀመረ፤ ከአንድ «አለ» ላይ ሲደርስም አላልቶ ማንበብ የሚገባውን አጠበቀው። እኛም ሳናስበው ዓይናችንን ጨፍነን፣ «ምን አለ? ወይስ የት አለ?» አልነው።

ልጁ ቀና ብሎ አየን፤ ሳቀም። ከዚያም ወደ ኋላ ተመልሶ ዓረፍተ ነገሩን ከመጀመሪያው አነበበው።